ሳያሳፍሩ መስጠት፦ የሚስ ሲልቪያ ፓንክኸርስት የሕይወት ታሪክ

 

ዛሬ ልናቀርብላችሁ ያሰብነው የአንዲት ሴት የሕይወት ታሪክ ነው። ታሪኩን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። እንደምታውቁት በየዓመቱ ትምህርት ከመከፈቱ በፊት በመካከላችን ላሉት ችግረኛ ሕፃናት ደብተርና እርሳስ፣ አንዳንድ ጊዜም ልብስ እያሰባሰብን እንሰጣለን። ባለፈው ጊዜ ይህን ስናደርግ ከቅዳሴ በኋላ ልጆቹን በዐውደ ምሕረቱ ፊት በሰልፍ አቆምናቸው። ስማቸውን እየጠራን፣ ምእመናን ሁሉ እያዩ፣ አንድ በአንድ ሰጠናቸው። ፎቶግራፍም አነሣናቸው። ሐሳባችን ክፉ አልነበረም፤ ሰጪው ገንዘቡ የት እንደደረሰ ይይ፣ ያልሰጠውም ይነሣሣ ብለን ነበር። ነገር ግን ከተቀበሉት ልጆች አንዲቱ፣ ዐሥር ዓመት ያልሞላት ልጅ፣ ከዚያች እሑድ ወዲህ ወደ ክፍላችን ሳትመጣ ቀረች። ከሁለት ሳምንት በኋላም ደብተሮቹን በታናሽ ወንድሟ እጅ መልሳ ላከቻቸው። የሠፈሯ ልጆች በደብተሩ ምክንያት ስም አውጥተውላት ኖሯል።

በዚህ ነገር አዝነን ምን አጠፋን እያልን ስንነጋገር፣ ከመካከላችን አንዱ የሚስ ሲልቪያ ፓንክኸርስትን ታሪክ አንብቦ ነበርና አጫወተን። ስማቸው ለብዙዎቻችሁ እንግዳ አይደለም። የታሪክ ጸሐፊው የፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክኸርስት እናት ናቸው። አዲስ አበባ ሄዶ መንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራልን የተሳለመ ሰው መቃብራቸውን ሳያይ አልቀረም። ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለአገራችን ስለተከራከሩ ነው። ለችግረኛ ሕፃናትና ለእናቶቻቸው የሠሩት ግን እምብዛም አይነገርም፤ እኛን ያስተማረንም ይኸኛው ነው።

ሚስ ሲልቪያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሜይ 5 ቀን 1882 በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ዶክተር ሪቻርድ ፓንክኸርስት የሕግ ሰው ነበሩ። እናታቸው ኤመሊን ፓንክኸርስት ደግሞ በኋላ የእንግሊዝ ሴቶች ድምፅ የመስጠት መብት እንዲያገኙ በተደረገው ትግል ስማቸው በዓለም ሁሉ የተሰማ ሴት ናቸው። አባት ልጆቻቸውን ያሳደጉት ለሌላው የማይጠቅም ሰው መኖሩ ከንቱ ነው በሚል ሐሳብ ነበር።

በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር ችግረኛ የሚረዳበት መንገድ ምን ይመስል እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ የሚስ ሲልቪያ ሥራ አይገባንም። የቸገረው ቤተ ሰብ የመንግሥት እርዳታ ቢፈልግ የድኾች ማደሪያ ወደሚባል ትልቅ ግቢ ይገባ ነበር። በዚያ ባልና ሚስት ይለያያሉ፤ ልጆችም ከወላጆቻቸው ተለይተው ያድራሉ። የሚለብሱት አንድ ዓይነት የግቢውን ልብስ ነው፤ የሚበሉት ጥቂት፣ የሚሠሩት ግን ከባድ ነው። ይህ የሆነው በስሕተት አልነበረም። ሰው እርዳታ መጠየቅን እንዲፈራና እንዲያፍርበት ታስቦ የተሠራ ሥርዓት ነበር። እፍረቱ ራሱ እንደ አጥር ሆኖ እንዲያገለግል ማለት ነው።

እናታቸው ወይዘሮ ኤመሊን በ1894 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ይህን ማደሪያ በሚቆጣጠረው ቦርድ አባል ሆነው ተመረጡ። ወደ ግቢው ሲገቡም ሰባትና ስምንት ዓመት የሆናቸው ሴቶች ልጆች ስስ ልብስ ለብሰው፣ ተንበርክከው፣ የረዥሙን መተላለፊያ ቀዝቃዛ ድንጋይ ሲያጥቡ አገኙ። ሚስ ሲልቪያ ያን ጊዜ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ እናታቸው የሚያዩትንም ይሰሙ ነበር። በ1898 አባታቸው ሲሞቱ እናታቸው ቤተ ሰቡን ለማስተዳደር የልደትና የሞት መዝጋቢ ሆነው ተቀጠሩ። ወደ መዝገቡ ክፍል ዐሥራ ሦስት ዓመት የሆናቸው ልጃገረዶች የራሳቸውን ሕፃን ለማስመዝገብ ይመጡ ነበር። የድኻ ቤት ችግር በሚስ ሲልቪያ ልብ የተቀረጸው በዚህ ዕድሜ ነው።

የሥዕል ስጦታ ነበራቸውና በማንቸስተር፣ በኋላም በሎንዶን የታወቀው የንጉሣዊ ሥነ ጥበብ ኮሌጅ ተማሩ። ቢፈልጉ ሠዓሊ ሆነው በሰላም መኖር በቻሉ ነበር። ነገር ግን ከእናታቸውና ከእኅታቸው ከክሪስታቤል ጋር ወደ ሴቶች መብት ትግል ገቡ። በዚህም ምክንያት ብዙ ጊዜ ታሠሩ፤ በእሥር ቤትም ምግብ አንበላም ብለው በኃይል እንዲበሉ ተደርገዋል። በኋላ ግን ከእናታቸው ጋር አልተስማሙም። እርሳቸው የወደዱት የድኾቹን ሴቶች፣ የፋብሪካና የወደብ ሠራተኛውን ሚስት ነው። ስለዚህ ከባለጸጎቹ ሠፈር ተለይተው በምሥራቅ ሎንዶን፣ ቦው በሚባለው ድኻ ሠፈር፣ ከሕዝቡ መካከል መኖር ጀመሩ።

በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣ። በጥቂት ቀናት ውስጥ የእህል ዋጋ ናረ። ወንዶቹ ወደ ጦር ግንባር ዘመቱ፤ ለሚስቶቻቸው ይሰጣል የተባለው ገንዘብ ግን ሳምንት በሳምንት ላይ ሲያልፍ አልደረሰም። ፋብሪካዎች ተዘጉና ሴቶቹም ሥራ አጡ። እናቶች ርቧቸው ጡታቸው ደረቀ፤ ጨቅላ ሕፃናት በእቅፋቸው መክሳት ጀመሩ። እነዚህ እናቶች የሚስ ሲልቪያን ደጅ አንኳኩ።

ሚስ ሲልቪያ በመጀመሪያ ወተት ለመኑ። በሚያዘጋጁት ጋዜጣ ላይ ችግሩን ጻፉ፣ ለሚያውቋቸው ሁሉ ደብዳቤ ላኩ፣ የተገኘውንም ገንዘብ ለሕፃናት ወተት አዋሉት። ነገር ግን ወተት ብቻ እንደማይበቃ ወዲያው ታያቸው። በረኃብ እጅግ የተጎዳ ሕፃን ወተቱን ሊቀበለው አይችልም፤ ሐኪም ያስፈልገዋል። ስለዚህ ሐኪሞችንና ነርሶችን ለምነው እናትና ልጅ የሚታዩበት ክሊኒክ ከፈቱ። እዚህ ላይ እንድታስተውሉት የምንፈልገው ነገር አለ። ሚስ ሲልቪያ አስቀድመው ባሰቡት ስጦታ ላይ አልቆሙም። የተቀባዩን ችግር እያዩ ስጦታውን አስተካከሉት እንጂ።

ቀጥሎ ለልጆችም ለትልልቆችም ምሳ የሚገኝበት ቤት ከፈቱ። ይህን ቤት የምጽዋት ቤት ብለው አልሰየሙትም። በዋጋው የሚሸጥ ምግብ ቤት አሉት፤ ማለትም ትርፍ የማይጨመርበት። ትልቅ ሰው በሁለት ፔኒ፣ ልጅ በአንድ ፔኒ ትኩስ ምሳ ይበላ ነበር። አንዲት ፔኒ እንኳ የሌለው ሰው ግን ከደጅ አይመለስም፤ የምግብ ትኬት በነጻ ይሰጠውና ከከፈሉት ጋር በአንድ ገበታ ይቀመጥ ነበር። ስሙም የተመረጠው በብልኃት ነው። የድኾችን ማደሪያ እፍረት የሚያውቅ ሕዝብ የምጽዋት ሽታ ወዳለበት ቤት ከሚገባ ልጁን አስርቦ ማሳደርን ይመርጥ ነበርና።

ይህን ስናነብ ያች ልጅ ትዝ አለችን። የእኛ ዐውደ ምሕረት አንድ ገበታ አልነበረም። አንዱ ወገን ቆሞ የሚያይበት፣ ሌላው ወገን ቆሞ የሚታይበት ሆኖ ነበር።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ሚስ ሲልቪያ ምግብ መስጠት ብቻ ቤተ ሰብን እንደማያቆም ያውቁ ነበር። ለምሳሌ ያህል አምስት ልጆች ያሏትን እናት ብንወስድ፣ ዛሬ ብትበላ ነገስ? ስለዚህ ሥራ ፈለጉላት። ከጦርነቱ በፊት በእንግሊዝ ገበያ ይሸጥ የነበረው የልጆች መጫወቻ በብዛት የሚመጣው ከጀርመን ነበር። ጦርነቱ ንግዱን አቋረጠውና መጫወቻ ጠፋ። ሚስ ሲልቪያ ይህን አይተው በዚያው በ1914 የመጫወቻ ፋብሪካ አቋቋሙ። ሥራ ያጡት ሴቶች አሻንጉሊትና የእንጨት እንስሳት እየሠሩ ደመወዝ ያገኙ ጀመር። ለሴት ሠራተኛ ከሚከፈለው የተለመደ ዝቅተኛ ዋጋ ይልቅ የተሻለ እንዲከፈላቸው አደረጉ። መጫወቻዎቹም በሎንዶን ትልልቅ መደብሮች ተሸጡ።

አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ መጣ። እናት ሥራ ስትውል ሕፃኑን ማን ይይዘዋል? ለዚህም መልስ ተገኘ። በዚያው መንገድ ላይ «የጠመንጃ ሠሪዎች» የሚል ስም ያለው የተዘጋ መጠጥ ቤት ነበር። ሚስ ሲልቪያ በ1915 ያን ቤት ተከራይተው አጸዱት፣ ቀለም ቀቡት፣ ስሙንም ለውጠው «የእናቶች እቅፍ» አሉት። የመጠጥ ቤቱ ክፍሎች የሕፃናት መዋያና የእናቶች ክሊኒክ ሆኑ። እናት ጠዋት ሕፃኗን አስረክባ፣ ለውሎውም ጥቂት ሳንቲም ከፍላ፣ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች፤ ማታ ታጥቦና ጠግቦ ታገኘዋለች። ጠመንጃ በሚነገርበት ዘመን፣ ጠመንጃ ሠሪ ስሙ የተለጠፈበት ቤት ለሕፃናት መተኛ ሆነ።

እንግዲህ ወተቱን፣ ሐኪሙን፣ ገበታውን፣ ሥራውንና መዋያውን አንድ ላይ አድርገን ብናየው፣ ሁሉም በእናቲቱ ዙሪያ የተሠራ ነው። ሕፃኑን ከእናቱ ነጥለው አልረዱትም። ልጅ የሚቆመው እናቱ ስትቆም ነው የሚለውን ነገር በቃል ሳይሆን በሥራ አሳይተዋል።

ይሁን እንጂ ይህ ሥራ ቀላል ነበር ብለን አንዋሻችሁም። ገንዘቡ ሁልጊዜ ይጎድል ነበር፤ ዕዳም ነበረባቸው። ሚስ ሲልቪያ ራሳቸውም በግል ሰዎች ልግስና የአንድ ሠፈር ችግር እንኳ እንደማያልቅ ይናገሩ ነበር። ስለዚህ በአንድ እጃቸው ወተት ሲያድሉ በሌላው እጃቸው ለመንግሥት አቤቱታ ይጽፉ ነበር። የወታደር ሚስቶች ገንዘባቸው በጊዜው እንዲከፈላቸው ማኅበር አቋቁመው ተከራከሩ። በ1927 እርሳቸውም በአርባ አምስት ዓመታቸው አንድ ልጃቸውን ሪቻርድን ወለዱ። ከሦስት ዓመት በኋላም እናቶች በወሊድ ምክንያት መሞታቸው ሊቀር የሚችል ነገር መሆኑን የሚያሳይ መጽሐፍ አሳተሙ። የመጽሐፉ ስም «እናቶችን አድኑ» የሚል ትርጉም አለው። ይህን መጽሐፍ ልብ በሉት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ታሪኩ ወደ እኛ አገር፣ እንዲያውም ወደ እኛ ከተማ ይመጣል። ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ወደ አዲስ አበባ ሲቃረብ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ቤተ ሰብ በባቡር ወደ ጂቡቲ ተጓዘ። ያ ባቡር እዚህ እኛ ዘንድ አዋሽ ላይ አልፏል። ዛሬ ዕቃ የጫነው አዲሱ ባቡር ከከተማችን አጠገብ ሲያልፍ ብናየውም፣ ያን ጊዜ የነበረው የፈረንሳዮቹ ጠባብ ሐዲድ ነው። ከተሳፋሪዎቹ መካከል የዐሥራ ስድስት ዓመቷ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። በጦርነቱ ወራት ከሌሎች ሴቶች ጋር ሆነው ለዘማቹና ለቁስለኛው የሚሆን ነገር ሲያዘጋጁ የቆዩ ልጃገረድ ናቸው።

ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሜይ 5 ቀን 1936 ማለት ነው። በዚያው ቀን ሚስ ሲልቪያ ሃምሳ አራት ዓመት ሞላቸው። በዚያው ቀንም ስለ ኢትዮጵያ የሚከራከር ሳምንታዊ ጋዜጣ በሎንዶን ማሳተም ጀመሩ። ብዙ ሰው የኢትዮጵያ ነገር አበቃ ባለበት ቀን እርሳቸው ጀመሩ። ያን ጋዜጣ ሃያ ዓመት ያህል አሳትመውታል፤ በምዕራብ አፍሪካና በካሪቢያን ደሴቶችም ብዙ አንባቢ ነበረው።

ልዕልት ፀሐይ በስደት አገር ሳሉ እንደ ልዕልት ተቀምጠው አልኖሩም። በሎንዶን በታወቀው የግሬት ኦርሞንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው የነርስነት ትምህርት ተማሩ። እንደ ማንኛዋም ተማሪ ነርስ የታመሙ ሕፃናትን አልጋ አነጠፉ፣ አጠቡ፣ መገቡ። በ1939 በሕፃናት ነርስነት ተመረቁ። ሚስ ሲልቪያም የሚያውቋቸውና የሚወዷቸው በዚህ ዘመን ነው። አንዲቱ በድኻ ሠፈር ሕፃናት ወተት ስትለምን የኖረች አሮጊት፣ አንዲቱ የስደተኛ ንጉሥ ልጅ ሆና የሕፃናት ልብስ የምታጥብ ወጣት፤ በሥራቸው ተገናኙ።

አገራችን ነጻ ከወጣች በኋላ ልዕልት ፀሐይ ተመልሰው በደሴ ሆስፒታል በነርስነት አገለገሉ። በ1934 ዓ.ም. ከኮሎኔል አቢይ አበበ ጋር ተጋብተው ወደ ወለጋ፣ ወደ ነቀምቴ ሄዱ። እዚያም ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም ዐረፉ። ገና ሃያ ሦስት ዓመት አልሞላቸውም ነበር። አስከሬናቸው በአዲስ አበባ በበዓታ ለማርያም ገዳም ዐርፏል።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ነገር ጥቂት እናስብበት። የንጉሥ ልጅ ናቸው፤ ራሳቸውም የሠለጠኑ ነርስ ናቸው። ያም ሆኖ አዳኝ ሊደርስላቸው አልቻለም፤ በአገሪቱ ያን ጊዜ በቂ ሐኪምና ሆስፒታል አልነበረምና። የንጉሥ ልጅ ይህ ከደረሰባት በነቀምቴ ገጠር፣ ወይም በአፋር በረሃ በጎጆዋ የምትወልደው እናት እንዴት ትሆን? ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት እናቶችን አድኑ ብለው መጽሐፍ የጻፉት ሚስ ሲልቪያ ይህን መርዶ በሎንዶን ሰሙ።

እርሳቸውም በሐዘን ብቻ አልተቀመጡም። በልዕልት ፀሐይ ስም በአዲስ አበባ ሆስፒታል እንዲሠራ ኮሚቴ ተቋቋመና የኮሚቴው ጸሐፊ ሆኑ። ጊዜው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሚካሄድበት ነበር። ሎንዶን በቦምብ ተደብድባለች፣ እንግሊዞቹ ራሳቸው ምግብ በራሽን ይበላሉ። በዚህ መካከል ለሩቅ አገር እናቶችና ሕፃናት ገንዘብ ስጡ ማለት ቀላል ልመና አልነበረም። ሚስ ሲልቪያ ግን ዓመት በዓመት ላይ ለመኑ። በጋዜጣቸው ጻፉ፣ ስብሰባ ጠሩ፣ ባዛር አዘጋጁ። ባለጸጋው እንደ አቅሙ፣ ድኻውም እንደ አቅሙ ሰጠ። በ1940ዎቹ ዓ.ም. የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ፤ ነርሶችም የሚሠለጥኑበት ሆነ። ከአብዮቱ በኋላ ስሙ ተለውጧል፤ ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው ነው። አዲስ አበባ ስንሄድ ጦር ኃይሎች የሚለውን የታክሲ ጥሪ ስንሰማ፣ የሠፈሩ ስም በስተ ኋላ የአንዲት ወጣት ነርስና የአንዲት ለማኝ አሮጊት ታሪክ መኖሩን እናስታውስ።

ሚስ ሲልቪያ በ1948 ዓ.ም. በሰባ አራት ዓመታቸው ከልጃቸው ጋር ጠቅልለው ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ሰው በሚያርፍበት ዕድሜ አገር ለውጠው ሥራ ጀመሩ። ስለ ኢትዮጵያ የሚተርክ ወርኃዊ መጽሔት እያዘጋጁ በአገሪቱ እየተዘዋወሩ ትምህርት ቤቱንና ሆስፒታሉን ይጎበኙ ነበር። በመጨረሻም መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በመስቀል በዓል ዕለት፣ በአዲስ አበባ በሰባ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ። በመንግሥት ሥርዓት ተሸኝተው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጽር፣ ለአገራቸው በተጋደሉት አርበኞች መካነ መቃብር ተቀበሩ። 

አንድ ነገር ሳንደብቅ እንንገራችሁ። ሚስ ሲልቪያ በሕይወታቸው ሳሉ ቤተ ክርስቲያን የሚያዘወትሩ ሰው አልነበሩም፤ ኑሯቸውም በብዙ ነገር እንደ እኛ ሥርዓት አልነበረም። በቀብራቸው ጊዜ ግን የሚጠሩበት የክርስትና ስም አስፈለገና ወለተ ክርስቶስ ተባሉ። እኛ ይህን የምንጽፈው በሁሉ ነገር እንድንመስላቸው አይደለም። ለችግረኛ ሕፃን እንዴት እንደሚሰጥ ግን ከእርሳቸው ብንማር አናፍርም። ደጉ ሳምራዊም የተመሰገነው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ተጠይቆ አይደለም።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ለራሳችን ምን እንውሰድ? በመካከላችን ተወያይተን ሦስት ነገር አግኝተናል።

አንደኛው፣ ስጦታ የተቀባዩን ፊት መጠበቅ አለበት። አንዳንድ ታላላቆቻችን በአደባባይ መስጠት ሌላውን ሰጪ ያነሣሣል ይላሉ፤ ሐሰትም አይደለም። ነገር ግን ሰጪውን የምናነሣሣበት ዋጋ የልጅ እፍረት ከሆነ ዋጋው በዝቷል። ለሰጪው ሒሳቡን እናሳየው እንጂ ልጁን አናሳየው። የገባውንና የወጣውን ጽፈን በሰሌዳ ላይ ብንለጥፍ በቂ ነው። ችግረኛን ለማወቅም ሰልፍ አያስፈልግም። የአፋር ወንድሞቻችን መንገድ ላይ ሲገናኙ ዳጉ ይለዋወጣሉ። ማን እንደታመመ፣ የማን ከብት እንዳለቀ፣ የት እንደዘነበ ከሰው ወደ ሰው በጸጥታ ያልፋል። በዚህ ባህል መካከል የምንኖር እኛ የጎረቤታችንን ችግር ለማወቅ ድምፅ ማጉያ መፈለጋችን የሚያስገርም ነው።

ሁለተኛው፣ ልጁን ስንረዳ እናቱን እንያት። ያችን ልጅ ፍለጋ ሦስታችን ወደ ቤቷ ሄደን ነበር። እናቷ ከባድ መኪናዎች በሚቆሙበት በመንገዱ ዳር ሻይ የምታፈላ ሴት ናት። በመልካም ተቀበለችን፤ አልተቆጣችንም። ስለ ደብተር ስንጠይቃት ደብተር ራሷ እንደምትገዛ ነገረችን። የቸገራት ሌላ ነበር። ሻይ ስታፈላ ሕፃኑን የምትይዘው ያችው ልጃችን ኖራለች፤ ከትምህርት የምትቀረውም ስለዚህ ነው። እኛ ደብተር ይዘን ስንሄድ የጎደለው ሕፃን የሚይዝ ሰው ነበር። ቀድመን ብንጠይቅ ኖሮ ሳንቲም ሳናወጣ ልንረዳት እንችል ነበር።

ሦስተኛው፣ ስንሰጥ የማን ልጅ ነው ብለን አንጠይቅ። በአዋሽም በሰመራም ጎረቤታችን ብዙው ሙስሊም ነው። አዋሽ ወንዝ በ2012 ዓ.ም. ክረምት ሞልቶ ሲያጥለቀልቅ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ምድር ሲንቀጠቀጥ፣ ቤቱን ለቅቆ የወጣው ሕዝብ በሃይማኖት ተከፍሎ አልወጣም። ሕፃናቱም በአንድ ሸራ ሥር አድረዋል። በቦምብ ሥር ሆኖ ለማያውቃት ለነቀምቴ እናት ሳንቲሙን የሰጠው የሎንዶን ድኻ፣ ለአጠገባችን ጎረቤት ብንሳሳ ይታዘበናል።

ስለዚህ የሚከተለውን ወስነናል። ከእንግዲህ ደብተርና ልብስ በሰልፍ አይሰጥም፤ ፎቶግራፍም አይነሣም። ሁለት ሁለት ሆነን በማታ በየቤቱ እንሄዳለን፤ በመጀመሪያ እንጠይቃለን፣ ከዚያ እንሰጣለን። ከእኅቶቻችን አራቱ ደግሞ በተራ ከጠዋቱ ጀምሮ እስከ እኩለ ቀን ድረስ የሠራተኛ እናቶችን ሕፃናት ለመያዝ ቃል ገብተዋል። ቦታው ትንሽ ነው፤ ምንጣፍና ጥቂት ጽዋ ብቻ አለን። ሕፃኑን የሚያስረክቡ እናቶችም ካላቸው አንድ አንድ ብር እንዲያስቀምጡ፣ ከሌላቸውም እንዲያው እንዲተዉ ተስማምተናል። በሰመራ ያላችሁ ወገኖቻችን ከዚህ የተሻለ መንገድ ካላችሁ ጻፉልን፤ ለመማር ዝግጁ ነን።

የሻይ ሻጯ ሕፃን ካለፈው ሰኞ ጀምሮ ከእኛ ጋር ይውላል። እኅቱም ወደ ቀን ትምህርቷ ተመልሳለች። ወደ እሑድ ክፍላችን ግን እስከ ዛሬ አልመጣችም። አንገፋፋትም። ቦታዋ እንዳለ ነው፤ በመጣች ጊዜም ማንም ሰው ዘወር ብሎ እንዳያያት ሁላችሁንም አደራ እንላለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።